ለመጀመሪያ ጊዜ ጓንዡ፦ ፓስፖርት፣ ገንዘብና ስልክ እንዴት ይያዝ?

ጨርቅ_ፈላጊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጨርቅና ጫማ ለማየት በሚመጣው ወር ጓንዡ እሄዳለሁ፤ ለ12 ቀን። 3 ቀን ሆቴል፣ የቀረውን ዘመዴ የተከራየችው ቤት አድራለሁ። ቻይንኛ አልችልም። ሰነድና ገንዘብ እንዴት ልያዝ? ስልኬስ ይሠራል? ጎረቤቴ ደግሞ «ለልጄ አድርሺልኝ» ብላ የታሸገ ቅመም ሰጥታኛለች።

ካርጎ_ቦሌ፦
እህቴ፣ ከቅመሙ ልጀምር። ከፍተሽ አይተሽ በራስሽ እጅ መልሰሽ ካላሸግሽው አትያዢው፤ ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም። ሻንጣው በስምሽ ስለሆነ ውስጡ የተገኘው ሁሉ ያንቺ ነው፤ «የሰው አደራ ነው» ማለት አያድንም። ቻይና ውስጥ 50 ግራም ሄሮይን ወይም ሜታምፌታሚን ማስገባት ከ15 ዓመት እስራት እስከ ሞት ያስቀጣል። ጫትም ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያ አገር የተከለከለ ዕፅ ነው፤ ደርቆ «ሻይ ቅጠል» ቢባልም ያው ነው። ቋንጣና ቅቤም አይገቡም፣ ይወረሳሉ።

ከ5,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ከያዝሽ ስትገቢ ጉምሩክ አስመዝግቢ፤ ያለዚያ ስትወጪ የተረፈሽን ማስረዳት ይቸግርሻል። ምንዛሪ ባንክ ብቻ። ታክሲ ውስጥ 100 ዩዋን ተቀብሎ «ፎርጅድ ነው» ብሎ በሐሰተኛ ኖት ቀይሮ መመለስ የታወቀ ማጭበርበሪያ ነው፤ ዝርዝር ያዢ።

የቢጫ ወባ ካርድሽን እንዳትረሺ። ካልተከተብሽ ካርዱ የሚሠራው ከተወጋሽ 10 ቀን በኋላ ነው።

አንድ_ሻንጣ፦
ፓስፖርትሽን ሆቴሉ ካዝና ውስጥ ቆልፊበት፣ ኮፒውን ይዘሽ ዙሪ። ገበያ ውስጥ ኪስ አውላቂ አይጠፋም።

ሦስተኛ_ማህተም፦
ለሌላ አገር ጥሩ ምክር ነው፣ ለቻይና ግን አይሆንም። ከ16 ዓመት በላይ የሆነ የውጭ ዜጋ ዋናውን ፓስፖርት ይዞ መንቀሳቀስ አለበት፤ ፖሊስ መንገድ ላይ ሊጠይቅ ይችላል። ከልብስ ሥር በሚታሰር ቦርሳ ያዢው።

ኮፒው የሚጠቅመው ፓስፖርቱ ከጠፋ ነው። የፎቶውን ገጽ፣ ቪዛውን፣ ከገባሽ በኋላ ደግሞ የመግቢያ ማህተሙን ፎቶ አንሺ፤ ማህተሙን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ሲጠፋ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ፖሊስ ጣቢያ ማመልከት፣ ከኢሚግሬሽን ቢሮ የመጥፋት ማረጋገጫ መቀበል፣ ጓንዡ ካለው ቆንስላችን ሊሴ ፓሴ (በፓስፖርት ፈንታ የሚሰጥ የጉዞ ሰነድ) ማውጣት፣ ከዚያ ተመልሶ የመውጫ ቪዛ መጠየቅ። ቀናት ይፈጃል፤ በአንድ ቀን ያልቃል ብለሽ ትኬት እንዳትቆርጪ።

ዘመድሽ ቤት ስትገቢ ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ከእሷ ጋር ፖሊስ ጣቢያ ሄደሽ ተመዝገቢ። ሆቴል ራሱ ያስመዘግባል፣ ግለሰብ ቤት ግን ያንቺና የእሷ ኃላፊነት ነው። ቅጣቱ እስከ 2,000 ዩዋን ይደርሳል።

ዋይፋይ_የለም፦
ስለ ስልኩ፦ ቴሌግራም፣ ዋትሳፕና ጉግል በአገሩ ሲምና ዋይፋይ አይከፈቱም። በኢትዮጵያ ሲምሽ ሮሚንግ ግን ይከፈታሉ፤ ከመነሳትሽ በፊት አስከፍቺው። የባንክና የአሊፔይ (በስልክ መክፈያ የቻይና መተግበሪያ) ማረጋገጫ ኮድም በዚያው ቁጥር ነው የሚመጣው። አሊፔይን አዲስ አበባ እያለሽ ጫኚና በፓስፖርትሽና በባንክ ቪዛ ካርድሽ አስመዝግቢ። ከ200 ዩዋን በላይ ለሆነ ክፍያ 3 በመቶ ይቆርጣል። ታክሲም ከዚያው በዲዲ (የታክሲ መጥሪያ አገልግሎት) ብትጠሪ ይሻላል፤ የመኪናው ታርጋ ይመዘገባል።

የሆቴሉንና የዘመድሽን አድራሻ በቻይንኛ ጽፈሽ ወረቀት ላይ ያዢ፤ ሾፌሩ የላቲን ፊደል ላያነብ ይችላል። ፖሊስ 110፣ አምቡላንስ 120። ፓወር ባንክ በእጅ ቦርሳ ብቻ፤ በአገር ውስጥ በረራ ወደ ሌላዋ የገበያ ከተማ ወደ ዪዉ ከቀጠልሽ ደግሞ 3ሲ (CCC፣ የቻይና የደህንነት ማረጋገጫ) ምልክት የሌለበት ከሰኔ 2017 ጀምሮ አያልፍም።

ጨርቅ_ፈላጊ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቅመሙን እመልሳለሁ። ቪዛው ላይ አንድ ቀን እና 030 የሚል ቁጥር አለ፤ የሚያዘኝ የትኛው ነው?

ሦስተኛ_ማህተም፦
ቀኑ ለመግባት የመጨረሻው ቀን ነው። 030 ደግሞ የምትቆዪበት ቀን ብዛት ሲሆን የሚቆጠረው ከገባሽበት ማግስት ጀምሮ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታና ቀኑን ያሳልፋል፤ በቀን 500 ዩዋን፣ እስከ 10,000፣ ወይም ከ5 እስከ 15 ቀን እስር አለው። ለ12 ቀን ጉዞ አያሰጋሽም። ዕቃው ዘግይቶብሽ መቆየት ካስፈለገሽ ግን 30ው ቀን ሊያልቅ 7 ቀን ሲቀረው ማራዘሚያ ጠይቂ።