ለታኅሣሥ ተወርዋሪ ኮከብ ካሜራ ለምትፈልጉ ሐዋሳዎች

ሰሞኑን «ተወርዋሪ ኮከብ ለማንሳት የቱን ካሜራ ልግዛ?» የምትሉኝ በዝታችኋል። ምንም አትግዙ። ያላችሁን ያዙና ጥሩ ሌንስ ተከራዩ።

ተወርዋሪ ኮከብ ብልጭ ብሎ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። ሸተሩን (የካሜራውን የብርሃን መዝጊያ) 30 ሰከንድ ብትከፍቱት እሱ አይደምቅም፤ የሚደምቀው ከኋላው ያለው ሰማይ ነው። ብርሃኑን የሚይዝላችሁ የሌንሱ አከፋፈት (ኤፍ የሚባለው፣ ቁጥሩ ሲያንስ የሚሰፋው) እና አይኤስኦው (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ነው።

እኔ የማነሳው በአሮጌ ካኖን 600ዲ ነው። አብሮት የሚመጣው 18-55 ሚሊ ሜትር ሌንስ 18 ላይ ሰፊ ሰማይ ያሳያል፣ ግን ኤፍ 3.5 ስለሆነ ደማቆቹን ብቻ ይይዛል። 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ብርሃን ይስባል፣ ግን የሚያየው ሰማይ ጠባብ ነው፤ ስንቱ ከጎኑ አልፎብኛል! ምርጫዬ 24-70 ኤፍ 2.8 ነው፣ 24 ላይ አድርጋችሁ።

ይህ ሌንስ ሰርግ የሚያነሱ ፎቶ ቤቶች ጋ አይጠፋም። ፒያሳ አካባቢ ዞር ዞር ብላችሁ ጠይቁ። ጀሚኒድስ የሚባለው የታኅሣሥ ተወርዋሪ ኮከቦች ዝናብ ዋናው ሌሊት ታኅሣሥ 4 ለ5 አጥቢያ ነው፤ ከገብርኤል ንግሥ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ። ጾመ ነቢያት ስለሆነ የኦርቶዶክስ ሰርግ የለም፣ ዋጋ ላይ መደራደር ትችላላችሁ። ፐርሰይድስ የሚባለው የነሐሴው ዝናብ ግን የሚመጣው እዚህ ክረምት ሲሆን ነው፤ በደመና ምክንያት ገንዘባችሁን እንዳታባክኑ። በዚያ ላይ ጀሚኒድስ በሰከንድ 35 ኪሎ ሜትር፣ ፐርሰይድስ 59 ገደማ ነው የሚበሩት። ዝግ ያለው ለካሜራ ይመቻል።

ትራይፖድ ከኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ቀለል ያለውን ገዝቼ ነበር። የሐይቁ ነፋስ ሲያንቀጠቅጠው አደረ። አሁን ድንጋይ የሞላ ፌስታል ከመሃሉ አንጠለጥላለሁ፣ ንቅንቅ አይልም። ከቻላችሁ ግን ከባዱን ከሌንሱ ጋር ተከራዩ።

ቦታ? አሞራ ገደል ደስ ይላል፣ ግን ተወርዋሪዎቹ የሚፈልቁበት የጀሚኒ ኅብረ ኮከብ የሚወጣው በምሥራቅ በኩል ነው፤ በዚያ በኩል ደግሞ የከተማው መብራት አለ። ሐይቁ ዳር በሌሊት ጉማሬም ይወጣል፣ እባካችሁ ብቻችሁን አትሂዱ። እኔ ዶሬ ባፋኖ በኩል የወዳጅ ግቢ ውስጥ ነው የማድረው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ተወርዋሪዎቹ የሚፈልቁበት የሰማይ ክፍል ከፍ ይላል፣ ያኔ ካሜራውን ወዴትም ብታዞሩት ይሆናል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፎከሱን ማኑዋል አድርጉ፣ ላይቭ ቪው ላይ ደማቅ ኮከብ አጉልታችሁ ነጥብ እስኪሆን አጥሩት፣ ከዚያ ቀለበቱን በፕላስተር አጣብቁት። አይኤስኦ 3200፣ ሸተር 15 ሰከንድ፣ ፎርማት ሮው (ያልተጨመቀው ጥሬ ፋይል)። ካሜራው በተከታታይ እንዲያነሳ ሪሞቱን ቆልፉትና ተዉት። በሰዓት ወደ 240 ፎቶ ይመጣል፣ በ600ዲ 6 ጂቢ ገደማ። ባትሪ ሁለት ያዙ። አምና ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ ያነሳሁት ሁሉ ጭስ መስሎ ወጣ፤ ሌንሱ ላይ ጤዛ አርፎ ነበር። ዘንድሮ ሌንሱን በስካርፍ ጠቅልዬ በየግማሽ ሰዓቱ በእጅ ባትሪ እያበራሁ አየዋለሁ።

ቪዲዮ ለምትፈልጉ 600ዲ አይበቃም። ሶኒ ኤ7ኤስ የሚያከራይ ካገኛችሁ ሸተሩን 1/25 አድርጉ፣ አይኤስኦውን ከ12800 በላይ ውሰዱት። በስልክ ደግሞ ፕሮ ሞድ ላይ 15 ሰከንድ የሚፈቅድ ከሆነ ሞክሩ፤ ደማቁ ይገባል።

ሐዋሳ ውስጥ ሌንስ ለአንድ ሌሊት በቅን ዋጋ የሚያከራይ የምታውቁ ሰፈሩን ጻፉልኝ።