ሜዳችን «ባዶ ቦታ» ነው ወይ? የአንድ የሐዋሳ ሰፈር ክርክር

አወያይ፦
ሰላም ጎረቤቶች። እሁድ ዕድር ላይ የተነሳው ጉዳይ እዚህ ይቀጥል ስላላችሁ ከፈትኩት። ላልነበራችሁ ባጭሩ ይኸው ነው። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ባለ አራት ፎቅ የኪራይ ቤት እንዲሠራ ለከተማው ማመልከቻ እናስገባ የሚሉ አሉ። ሜዳው ሜዳ ሆኖ ይቅር የሚሉ ደግሞ ሌላ ማመልከቻ ጀምረዋል። ሁለት ወረቀት ይዘን ከምንሄድ መጀመሪያ እንነጋገር። ስድብ አይፈቀድም። ረጅም መጻፍ ይቻላል።

የፋብሪካ ሠራተኛዋ፦
እኔ ለቤቱ ነው የምፈርመው። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ሲመረቅ እስከ 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል ተብሎ ነበር። የፋብሪካው ሼድ በወራት ውስጥ ቆመ። ማሽኑ ገባ። ከየገጠሩ የምትመጣው ልጅ የት ታድራለች የሚለው ግን ለየሰፈሩ አከራይ ተተወ። እኔም ከነዚያ ልጆች አንዷ ነኝ። አሁን አራት ሆነን በአንድ ክፍል እንኖራለን። ሁለት ፍራሽ ነው ያለን። ሁለታችን ሥራ ስንገባ ሁለቱ ይተኛሉ። ምግቡም የሚበስለው፣ ልብሱም የሚሰጣው እዚያው ነው። አንዷ ጓደኛችን የማታ ትምህርት ጀምራ ነበር። የምታጠናበት ጥግ ስላጣች ተወችው።

በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። የእኛ ውል ግን አፍ ለአፍ ነው። አከራያችን በስድስት ወር ሁለት ጊዜ ጨመሩብን። ሂዱ ቢሉን ያን ቀን መውጣት ነው። ስለዚህ ሜዳ ሲባል እኔ የሚታየኝ ሰው ሊያድርበት የሚችል ቦታ ነው።

መምህሩ፦
እህቴ፣ የጻፍሽው ልቤን ነክቶታል። ያም ሆኖ እኔ ለሜዳው ነው የምፈርመው።

ልጆቻችን የሚማሩት በፈረቃ ነው። ግማሽ ቀን ከእኛ ጋር ናቸው። ሌላውን ግማሽ ቀን የት ይሆናሉ? እቤት እንዳንል፣ የብዙዎቹ እቤት አንቺ እንደገለጽሽው አንድ ክፍል ነው። እናት እንጀራ ትጋግራለች፣ ሕፃን ተኝቷል፣ ሬዲዮ ይጮኻል። ልጁ ወጥቶ ሜዳው ላይ ይውላል። ኳስ ይጫወታል፣ ብይ ይጫወታል፣ ከዛፉ ሥር ቁጭ ብሎ የቤት ሥራውን ይሠራል። እዚያ ሲያነቡ በዓይኔ ነው የማያቸው። ለነዚህ ልጆች ሜዳው የትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ግማሽ ነው።

የክፍሉን ነገር ደግሞ እናንሳው። ለአንደኛ ደረጃ የተቀመጠው መለኪያ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው። እኔ ከዚያ በላይ ነው የማስተምረው። ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው። ክረምት ዝናቡ ሲወርድ ድምፄ ሦስተኛው ዴስክ ላይ ይቀራል። በበጋ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ልጆቹን ያደክማቸዋል። ይህን የሚያመጣው የልጆቹ ስንፍና ወይም የእኔ ማነስ አይደለም፤ ክፍሉ የተሠራበት መንገድ ነው። እንዲህ ሲሆን ወደ ሜዳው ይዣቸው እወጣለሁ። አምና ስፋትና ዙሪያ ሳስተምር ሜዳውን በገመድ አስለካኋቸው። 60 ሜትር በ80 ሜትር መጣ። 4,800 ካሬ፣ ግማሽ ሄክታር ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ሄክታር የሚባለውን ነገር ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ማንም አልገባውም ነበር። ዙሪያውን ሮጠው ሲጨርሱ ግን ገባቸው።

ማመልከቻው ላይ «ባዶ ቦታ» የሚል ቃል አይቻለሁ። ይህ ቃል ይውጣልኝ።

ባለሱቁ፦
መምህር፣ አክባሪዎ ነኝ፣ ግን እርስዎ ሜዳውን የሚያዩት ቀን ነው። እኔ ሱቄን የምዘጋው ማታ 3 ሰዓት ነው። መብራት የለም። ቆሻሻ ይደፋበታል። ጠርሙስ ይሰበርበታል። ባለቤቴ በዚያ ማለፍ ትታ በአስፋልቱ ዞራ ነው የምትመጣው። ጠባቂ የሌለው ሜዳ የሁሉም ነው ሲባል የማንም ይሆናል። ቤት ቢሠራበት መስኮት ይኖራል፣ መብራት ይኖራል፣ ሰው ይኖራል።

እንደ እውነቱ ከሆነ ለሱቄም ይጠቅመኛል። አልደብቅም።

የዕድር እናት፦
ልጆቼ፣ እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ድንኳኑ የት ይተከላል?

በዚህ ሰፈር ለቅሶ ሲሆን ድንኳን የምንጥለው እዚያ ነው። የእኔ ባለቤት ሲያርፍ ሰው ሦስት ቀን የተቀመጠው እዚያ ነው። ደመራው እዚያ ይበራል። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሠርግ ዳሱ እዚያ ተጥሎ በልተናል። ልጄ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው። እዚያ ለቅሶ ሲደርስ ድንኳኑ መኪና ማቆሚያው ላይ ይጣላል፣ መኪኖቹ መንገድ ላይ ይቆማሉ፣ ጭቅጭቅ ነው። በሐዘን ላይ ጭቅጭቅ ያማል።

የአርክቴክቸር ተማሪዋ፦
እማማ ያነሱት ትልቁን ነገር ነው። እኔ የሲዳማ ልጅ ነኝ፤ አያቴ ሁላ በሚባለው የሲዳማ ወረዳ ነው ያሉት። እዚያ ቤቱ ከቀርከሃ ተጠልፎ ነው የሚሠራው፣ እንደ ትልቅ ቅርጫት። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ቤት ስማር መጀመሪያ የሚታየኝ ያ ቤት ነው። ለሰው፣ ለከብት፣ ለእሳት የየራሱ ቦታ አለው። ገና በሩን ስታልፉ የት እንደምትቀመጡ ታውቃላችሁ። የሚነግራችሁ ሰው አያስፈልግም፣ ቤቱ ራሱ ይነግራችኋል።

ሰፈርም እንዲሁ ነው። በሲዳማ ጉዱማሌ የሚባል ቦታ አለ። ሕዝብ የሚሰበሰብበት፣ ሽማግሌ የሚቀመጥበት፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ የሚከበርበት ሜዳ ነው። ፍቼ ጨምበላላ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2015 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በዓሉ ያለ ሜዳው ሊታሰብ አይችልም። እዚህ ከተማችን ውስጥ ሐይቁ ዳር ያለውን ጉዱማሌ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ማንም ሰው ጉዱማሌን ባዶ ቦታ ብሎ አይጠራውም። ምንም ያልተሠራበት ሆን ተብሎ ነው። ሰው እንዲሞላው ተብሎ የተተወ ነው። በሌላውም የአገራችን ክፍል ሽማግሌ የሚያስታርቀው፣ የኔታ ፊደል የሚያስቆጥሩት ዛፍ ሥር ነበር።

ሐዋሳ በ1952 ስትቆረቆር ጀምሮ በፕላን የተሠራች ከተማ ናት። ሰፊ መንገዷ፣ ዛፎቿ፣ በብስክሌት የሚኬድባት ሜዳማነቷ ሰው የሚወድላት ነው። ሐይቁ ዳር ያለው የእግር መንገድ ያምራል፤ እኔም እሄድበታለሁ። ግን የሰባት ዓመት ልጅ ከእኛ ሰፈር ተነስቶ ብቻውን ዋናውን አስፋልት ተሻግሮ ሐይቁ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው ቦታ ሄዶ አይጫወትም። ለእሱ ከተማ ማለት እናቱ ከበር ሆና ስትጣራ የሚሰማበት ርቀት ነው።

የፋብሪካ ሠራተኛዋ፦
ጥሩ ጽፈሻል እህቴ። እኔም ከሲዳማ ገጠር ነው የመጣሁት፤ ጉዱማሌን አውቀዋለሁ። ግን አንድ ነገር ልበልሽ። ለእኔ ዛሬ ትርጉም ያለው ነገር ከውስጥ የሚቆለፍ የራሴ በር ነው። ጉዱማሌ የሚሄድ ሰው ማታ የሚመለስበት ቤት አለው።

የአርክቴክቸር ተማሪዋ፦
ይህን አልክድም። እውነትሽን ነው።

ሲቪል መሐንዲሱ፦
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ቁጥር ላስገባ።

በመጀመሪያ፣ አገራችን የከተማ ፕላን የምታዘጋጅበት መርህ 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ ነው። ሰፈራችንን ዞራችሁ እዩት። ከዚህ ሜዳ ሌላ ክፍት ቦታ አለን? የለንም። የከተማ ፕላን አዋጁ፣ 574/2000፣ ነዋሪው በፕላን ዝግጅት እንዲሳተፍ ይላል። ስለዚህ ማመልከታችን መብት ነው፤ ማንንም መለማመጥ አይደለም።

ሁለተኛ፣ መሬቱ። ያለነው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። መሬት ሲንቀጠቀጥ ሰው ሮጦ የሚወጣበት ክፍት ቦታ ያስፈልገዋል። ሐይቃችን ደግሞ የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። በምሥራቅ በኩል የነበረው ጨለለቃ ሐይቅ በደለል ሞልቶ ረግረግ ሆኗል። ውኃ የሚሰርግበት አፈር በሲሚንቶ በተደፈነ ቁጥር ጎርፉ አፈርና ቆሻሻ ይዞ ወደ ሐይቁ ይሮጣል።

ሦስተኛ፣ ቤቱ። ሜዳውን በሙሉ መብላት የለበትም። የመምህርን ልኬት ልውሰድ። በደቡቡ ጠርዝ 60 ሜትር ርዝመት፣ 12 ሜትር ወርድ ያለው አንድ ሕንፃ ብናቆም 720 ካሬ ይይዛል። ከሜዳው 4,080 ካሬ ይተርፋል። ምድር ቤቱን ለጋራ እንተወው። ከላይ ያሉት አራት ፎቆች 2,880 ካሬ ናቸው። ለደረጃ፣ ለኮሪደርና ለግድግዳ አንድ አምስተኛውን ቀንሱ። 30 ካሬ ስቱዲዮ ቢሆን ከ70 በላይ ክፍል ይወጣል። መጸዳጃውና ማብሰያው በየክፍሉ ሆኖ ማለት ነው።

ሕንፃው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ስለሚሆን የጠዋትና የከሰዓት ፀሐይ የሚመታው ጠባቡን ጎን ብቻ ነው። ክፍሎቹ አይግሉም። ምድር ቤቱ ላይ የንባብ ክፍል ይኑር፣ መስኮቱ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሜዳው። አብዛኛውን ዓመት ፀሐይ በቀጥታ አይገባበትም፣ ብርሃን ግን አያጣም። የአቶ ባለሱቁም ጥያቄ ይመለሳል፤ በየፎቁ ያሉ መስኮቶች ሜዳውን ያያሉ፣ መብራት ይኖራል።

መምህሩ፦
ኢንጂነር፣ ወረቀት ላይ ደስ ይላል። ግን ኮንዶሚኒየሞቹ ሲሠሩ ኮሚዩናል የሚባል ቤት አልነበረም? ሰው እንዲጋግርበት፣ በግ እንዲያርድበት፣ ልብስ እንዲያጥብበት ታስቦ። ስንቱ ነው ዛሬ ለዚያ የሚውለው? እኔ የማውቀው አንዱ መጋዘን ሆኗል፣ ሌላው ተከራይቷል። የንባብ ክፍሉም በሁለት ዓመት ውስጥ የሞባይል መሸጫ ይሆናል።

ባለሱቁ፦
መምህር እውነት አላቸው። እኔ ራሴ ክፍት ሆኖ ባገኘው እጠይቃለሁ።

ሲቪል መሐንዲሱ፦
ኮሚዩናሉ የከሸፈው ማን ይይዘዋል የሚለው ስላልተወሰነ ይመስለኛል። ቁልፉ የማን ነው? የመብራቱን ማን ይከፍላል? ይህ ካልታወቀ ምንም ያህል ጥሩ ክፍል ብትሠራ ይዘጋል። የንባብ ክፍሉ በር ወደ ትምህርት ቤቱ ይዙር፣ ባለቤቱም ትምህርት ቤቱ ይሁን። በአጥሩ ላይ በር መክፈት ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

መምህሩ፦
ይህ ይታሰብበታል። ርዕሰ መምህሩን አናግራለሁ። ግን ከሰዓት በኋላ ማን ይጠብቀዋል የሚለውን አሁን መልስ የለኝም።

የዕድር እናት፦
ዕድሩ ዘበኛ አለው አይደል? እቃ ቤቱን የሚጠብቀው። እሱን ልንጠይቅ እንችላለን። ድንኳኑና ወንበሩም እዚያው ምድር ቤት ቢቀመጥ ተሸክመን አንሄድም ነበር።

የፋብሪካ ሠራተኛዋ፦
ሁላችሁም ስለ ምድር ቤቱ ነው የምታወሩት። እኔ ስለ ላይኛው ልጠይቅ። ኪራዩ ስንት ነው? መሬቱ በሊዝ ጨረታ ለበዛ ገንዘብ ከተሰጠ ያሸነፈው ሰው ለእኔ ነው የሚያከራየው? ገንዘቡን መመለስ አለበት። ለሐይቅ ጎብኚ አልጋ ያደርገዋል። ያኔ ሜዳውም የለ፣ ቤቱም የለ።

ሲቪል መሐንዲሱ፦
ትክክል ነሽ። ይህን በሥዕል መፍታት አይቻልም። በጨረታ ከሄደ የእኔ 70 ክፍል ለሌላ ሰው ነው የሚሆነው። ከተማው መሬቱን ይዞ ራሱ ካላከራየ፣ ወይም ፋብሪካዎቹ ለሠራተኛቸው ብለው ካልገቡበት በቀር እኔም አልፈርምም።

የአርክቴክቸር ተማሪዋ፦
እንግዲያው ማመልከቻው አንድ ይሁን። «ባዶ ቦታ» የሚለው ይውጣ። መካከሉ ሜዳ ሆኖ እንደሚቀር ይጻፍ። ቤቱ በጨረታ እንደማይሄድ ይጻፍ። ይህ ካልሆነ ሜዳው እንዳለ ይቆይ የሚል አንቀጽ ይግባ። ሥዕሉን እኔ እሠራለሁ።

ባለሱቁ፦
በመጨረሻው አንቀጽ አልስማማም። እንዳለ ይቆይ ማለት ጨለማው ይቆይ ማለት ነው። ቢያንስ መብራት ይጨመርበት።

አወያይ፦
መብራቱ ይጨመር። ያልተስማማነው ስላለ ፊርማ አልጀምርም። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ሜዳው ላይ እንገናኝ። ኢንጂነር የሚሉት 12 ሜትር የት ድረስ እንደሚደርስ በገመድ እናየዋለን። እማማ፣ ድንኳኑ የሚይዘውን ቦታ እርስዎ ያሳዩናል። መምህር፣ የልጆቹን ገመድ ይዘው ይምጡ።

የፋብሪካ ሠራተኛዋ፦
ቅዳሜ የምገባው ከሰዓት ነው። እመጣለሁ። ጓደኞቼንም አመጣለሁ፣ ቤቱ የእነሱም ጉዳይ ነው። የገመዱን አንድ ጫፍ እኛ እንይዛለን።