አዲስ መኪና ከዲለር ስገዛ ቁርጥ ዋጋውን እንዴት ነው የማስወርደው? (ቨርጂኒያ)

ጥያቄ — የአሌክሳንድሪያዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። አዲስ ቶዮታ ራቭ4 ሃይብሪድ ልገዛ አንድ ዲለር ጋ ሄጄ የሰጡኝ ወረቀት እንዲህ ይላል፦ የፋብሪካው ስቲከር 36,200 ዶላር። ከጎኑ በተለጠፈው ሁለተኛ ስቲከር ላይ ጎማ ውስጥ የሚሞላ ናይትሮጅን 199፣ የሻንሲ ቁጥር መስታወት ላይ መቅረጽ 299፣ የቀለም መከላከያ 899፣ የጎማ ብሎን ቁልፍ 149፣ «የገበያ ማስተካከያ» 1,500። የወረቀት ክፍያ 899። ቅድሚያ 4,000 ከከፈልኩ ለ84 ወር በወር 608 ዶላር ነው አሉኝ። ወለዱ ስንት እንደሆነ አልተጻፈም። ክሬዲት ስኮሬ (ብድር በመክፈል ታሪኬ የሚሰጠኝ ነጥብ) 740 ነው። የ2013 ኮሮላዬንም እንወስድልሻለን ብለዋል።

ዋጋው ተገቢ ነው? ካልሆነ ከየት ጀምሬ ልከራከር? መርካቶ እንደሚደረገው ግማሹን ጠርቶ መጀመር እዚህ ይሠራል?

መልስ — ደብተር

እህቴ፣ እንዳትፈርሚ። 608ን በ84 ስታባዢው 51,072 ይመጣል፤ ቅድሚያው ሲጨመር 55,072 ዶላር። ፋብሪካው ራሱ 36,200 ብሎ ለለጠፈው መኪና ማለት ነው።

ያልነገሩሽን ወለድ ከራሱ ከወረቀቱ ማውጣት ይቻላል። ስቲከሩና ጭማሪዎቹ 39,246፤ የወረቀት ክፍያ 899፤ በሁለቱ ድምር ላይ የቨርጂኒያ የመኪና ሽያጭ ግብር 4.15 በመቶ፣ ማለትም 1,666፤ ታርጋና ምዝገባ 100 ገደማ ብንይዝ ጠቅላላው 41,911 ነው። 4,000ው ሲነሳለት 37,911 ብድር ይቀራል። ይህ ብድር በ84 ወር በወር 608 የሚሆነው ወለዱ 8.9 በመቶ ሲሆን ነው። 740 ስኮር ላላት ሰው፣ ለአዲስ መኪና፣ በዝቷል።

አሁን ሁለተኛው ስቲከር እንዳለ ተነስቶ ዋጋው ከፋብሪካው ስቲከር 800 ቢወርድ፣ ማለትም 35,400 ቢሆን፣ የወረቀት ክፍያ፣ ግብርና ታርጋ ተደምሮ ወደ 37,905 ይሆናል። 4,000 ከፍለሽ ቀሪውን በ6 በመቶ ለ60 ወር ብትወስጂ በወር ወደ 655 ነው፤ ጠቅላላ ወጪሽ ወደ 43,330። ለ72 ወር ከሆነ በወር ወደ 562፣ ጠቅላላው 44,460 ገደማ። ከቀረበልሽ 608 ያነሰ ወርሃዊ ክፍያ፣ አንድ ዓመት ቀድሞ የሚያልቅ፣ በድምሩም ከ10,000 ዶላር በላይ የሚተርፍ።

«በወር ስንት ትችያለሽ?» ሲሉሽ መልስ አትስጪ። ወርሃዊው ክፍያ ዋጋው፣ ወለዱ፣ የወሩ ብዛትና የአሮጌው መኪና ግምት ተቀላቅለው የሚወጡበት ቁጥር ነው። አንዱን ቀነስንልሽ ሲሉ ሌላው በጎን ያብጣል፣ አንቺም አታዪውም። «ስለ ክፍያው በኋላ፤ መጀመሪያ ግብርና ታርጋን ጨምሮ ቁርጡን ንገሩኝ» በያቸው። እነሱ ይህን «አውት ዘ ዶር» ይሉታል፤ በዚሁ ስም ጠይቂ።

መልስ — የሽያጭ ጠረጴዛ

የመርካቶውን ጥያቄ ልመልስ። እዚህ ግማሹን መጥራት አይሠራም፣ ምክንያቱም በአዲስ መኪና ላይ የዲለሩ ትርፍ ጠባብ ነው። ዲለሩ ከፋብሪካው የሚረከብበት የኢንቮይስ ዋጋ ከስቲከሩ የሚያንሰው በጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ከዚያ በተጨማሪ መኪናው ሲሸጥ ፋብሪካው የሚመልስለት «ሆልድባክ» የሚባል ገንዘብ አለ፤ ብዙ ጊዜ ከስቲከሩ ከ2 እስከ 3 በመቶ። ስለዚህ «በኢንቮይስ ነው የምሰጥሽ፣ ከስሬያለሁ፣ ሌላ ቅናሽ አትጠይቂኝ» የሚልሽ ሻጭ አልከሰረም። ግን 30,000 ብለሽ ብትጀምሪም በቁም ነገር አይሰሙሽም።

ትልቁ ትርፍ ያለው ሁለተኛው ስቲከር ላይና ፋይናንስ ክፍሉ ውስጥ ነው። የምንተነፍሰው አየር ራሱ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ በናይትሮጅን የተሞላ ጎማ 199 ዶላር የሚያወጣበት ምክንያት የለም። መስታወት ላይ ቁጥር መቅረጽ በጥቂት አሥር ዶላር ዕቃ የሚሠራ ነው። «የገበያ ማስተካከያ» ደግሞ ምንም ዕቃ አይደለም፤ ዲለሩ ከራሱ የጨመረው ቁጥር ነው።

ልዩነቱን ልብ በይ፦ የመጀመሪያው ስቲከር ከ1958 ጀምሮ በፌደራል ሕግ በአዲስ መኪና መስታወት ላይ እንዲለጠፍ የታዘዘው ነው። እዚያ ላይ ያለ ዕቃ ከፋብሪካ ወይም ከወደብ አብሮ የመጣ ስለሆነ አይነሳም። መኪናው ከፋብሪካ የመጣበት ማጓጓዣም እዚያው ተደምሯል፤ ዲለሩ በራሱ ወረቀት ላይ ማጓጓዣ ብሎ ደግሞ ካስገባ ሁለት ጊዜ እያስከፈለሽ ነው። ሁለተኛው ስቲከር ግን የዲለሩ የራሱ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ድርድር ይደረግበታል። «ተገጥሟል፣ አይወጣም» ካሉሽ «ይኑር፣ ዋጋው ግን ዜሮ ይሁን» ማለት ትችያለሽ።

የወረቀት ክፍያው ላይ ቨርጂኒያ ጣሪያ አላስቀመጠችም። ሜሪላንድ ከጁላይ 2024 ጀምሮ 800 ዶላር ላይ ገድባዋለች። ዲለሮቹ ይህን ክፍያ ለሁሉም ደንበኛ እኩል ስለሚያስከፍሉ በራሱ ላይ አትከራከሪ፤ በመኪናው ዋጋ ላይ አካክሰሽ አስቀንሺ።

መልስ — ሰፈር ዞሮ

መከራከሪያሽ የሌላ ዲለር ጽሑፍ ነው። ቁጭ ብሎ ሦስት ሰዓት መጨቃጨቅ አያስፈልግም። አደራረጉ እንዲህ ነው።

ከሪችመንድ እስከ ባልቲሞር ካሉት ስድስት ወይም ሰባት ዲለሮች ድረ ገጽ ላይ የምትፈልጊውን መኪና በቀለምና በዓይነት ፈልጊ፤ የእያንዳንዱን የሻንሲ ቁጥር ያዢ። ለኢንተርኔት ሽያጭ ክፍላቸው አንድ ዓይነት ኢሜይል ላኪ፦ «ይህን የሻንሲ ቁጥር በዚህ ሳምንት መግዛት እፈልጋለሁ። ቨርጂኒያ ነው የማስመዘግበው። ዋጋውን፣ የተገጠሙ ዕቃዎችን፣ የወረቀት ክፍያን፣ ግብርንና ታርጋን በየመስመሩ ለይታችሁ ጠቅላላውን ጻፉልኝ። ለሌሎች ዲለሮችም ጽፌያለሁ።» ስልክ ቁጥር አትስጪ፣ ካልሆነ ቀኑን ሙሉ ይደውሉልሻል። «ነይና እናውራ» ብቻ የሚሉትን ተያቸው።

ሜሪላንድ ገዝተሽ ቨርጂኒያ ካስመዘገብሽ የምትከፍዪው የቨርጂኒያን 4.15 ነው፣ የሜሪላንድን 6.5 አይደለም። ወረቀቱ ላይ ይህን አረጋግጪ።

የወር መጨረሻ ይረዳል የሚባለው እውነት አለው፤ ዲለሩ የወሩን ኮታ ከሞላ ከፋብሪካው ጉርሻ ያገኛል። ነገር ግን ሃይብሪድ ራቭ4 ግቢ ሳይደርስ በመንገድ ላይ እያለ የሚሸጥ መኪና ስለሆነ የወሩ ቀን ያን ያህል አያወርደውም። እዚህ ላይ ከስቲከር ጥቂት መቶ ዝቅ ብሎ፣ ያለ ምንም ጭማሪ ማግኘት ጥሩ ዋጋ ነው። ገና በመንገድ ላይ ያለ መኪና ቢሰጡሽ መያዣ በክሬዲት ካርድ ክፈይ፣ ተመላሽ መሆኑንም በጽሑፍ ያዢ።

መልስ — ጋሽ መንገደኛ

እኔ የምጨምረው ስለ ይሉኝታ ነው። የእኛ ሰው መርካቶ ላይ ሱቅ ጥሎ ሲወጣ ቅር አይለውም። እዚህ ግን ሻጩ መኪናውን አስነድቶት፣ ውሃ አቅርቦለት፣ «ማናጀሬን ልለምንልህ» ብሎ ሁለቴ ሦስቴ ከተመላለሰለት በኋላ ተነስቶ መሄድ ያቅተዋል። በተለይ ሻጩ የአገር ልጅ ሲሆን። ልጄ፣ ዋጋውን የሚወስነው ሻጩ አይደለም፣ ጠረጴዛው ጀርባ ያለው ማናጀር ነው። ለልጁ አክብሮት ስጪው፣ አመስግኚው፣ ዋጋውን ግን ከሌሎቹ ጋር እኩል አመዛዝኚ። «ይህ ዋጋ ዛሬ ብቻ ነው» ቢሉሽም ተነሺ።

መፈረም ግን ሌላ ነው። መኪና ከዲለር ግቢ ገዝቶ በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል የሚባለው ስህተት ነው። የሦስት ቀን መብት የሚሰጠው የፌደራል ደንብ ዲለር ቤቱ ውስጥ የተፈረመ ሽያጭን አይመለከትም።

መልስ — ክሬዲት ዩኒየን

ስለ ወለዱ። ዲለሩ ብድሩን የሚያገኝልሽ ከባንክ ነው። ባንኩ ለአንቺ 7 በመቶ ቢል ዲለሩ 9 ብሎ ሊጽፍና ልዩነቱን ሊካፈል ይችላል፤ ይህን የመንገር ልማድ የላቸውም። 30,000 ዶላር ለ60 ወር በ7 በመቶ በወር 594 ነው፣ በ9 በመቶ 623። በአምስት ዓመት ልዩነቱ ከ1,700 ዶላር በላይ ይሆናል።

ስለዚህ ዲለር ከመሄድሽ በፊት ከሁለት ክሬዲት ዩኒየኖች (የአባላት የቁጠባና ብድር ተቋማት) የብድር ፈቃድ በጽሑፍ ያዢ። ለመኪና ብድር የሚደረጉ የክሬዲት ፍተሻዎች በ14 ቀን ውስጥ ካለቁ ስኮሩ ላይ እንደ አንድ ይቆጠራሉ፤ አትፍሪ። ፈቃዱን መጀመሪያ አታሳዪ። ዋጋው በጽሑፍ ከተዘጋ በኋላ «ከዚህ ወለድ ማነስ ትችላላችሁ?» በያቸው። አንዳንዴ የፋብሪካው ባንክ በጣም ዝቅተኛ ወለድ ያወጣል፣ ያኔ የእነሱን ውሰጂ። ግን ዝቅተኛው ወለድና የፋብሪካው ተመላሽ ገንዘብ ብዙ ጊዜ አብረው አይሰጡም፤ ሁለቱንም አስልተሽ ምረጪ።

ብድሩ ሳይጸድቅ መኪናውን ይዘሽ እንዳትሄጂ። ከሳምንት በኋላ «ባንኩ አልተቀበለም፣ በሌላ ወለድ እንደገና ፈርሚ» ተብሎ ሊደወልልሽ ይችላል። ኮሮላሽን አስቀድመሽ ካስረከብሽ ደግሞ መመለሻው ይከብድሻል።

ፋይናንስ ክፍል ውስጥ የተራዘመ ዋስትና፣ የጥገና ጥቅልና ጋፕ ኢንሹራንስ (መኪናው ከጥቅም ውጪ ቢሆን ኢንሹራንሱ በሚከፍለውና በቀረው ብድር መካከል ያለውን ልዩነት የሚሸፍን) ይቀርብልሻል። ቶዮታ ራሱ ለ3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል ጠቅላላ፣ ለ5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል የሞተርና ካምቢዮ፣ ለሃይብሪድ ባትሪው 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል ዋስትና ይሰጣል። የመጀመሪያው 2 ዓመት ወይም 25,000 ማይል መደበኛ ጥገናም ነፃ ነው፤ የጥገና ጥቅል ከገዛሽ ይህንኑ ጊዜ ደግመሽ እየከፈልሽ እንዳይሆን ተመልከቺ። ጋፕ ካስፈለገሽ የመኪና ኢንሹራንስሽን ወይም ክሬዲት ዩኒየኑን ጠይቂ፣ ዋጋው በብዙ ይለያያል። «በወር 18 ዶላር ብቻ ነው» ሲሉሽ በወሩ ብዛት አባዢው፤ በ72 ወር 1,296 ነው።

መልስ — ደብተር

ኮሮላውን ረስተነዋል። ለየብቻ ሽጪው። ብዙ ስቴቶች ላይ አሮጌውን ለዲለሩ ስትሰጪ ግምቱ ከግብሩ ላይ ስለሚቀነስ ይጠቅማል። ቨርጂኒያ ግን ግብሩን የምታስከፍለው በሙሉው ዋጋ ላይ ስለሆነ ለዲለሩ መስጠት የግብር ጥቅም የለውም። ያገለገሉ መኪኖችን ከሚገዛው ከካርማክስ ኩባንያ የጽሑፍ ግምት አውጪ፣ ለ7 ቀን ይጸናል። ዲለሩ ከዚያ በላይ ከከፈለ ስጪው፣ ካልሆነ እዚያ ሽጪው።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ በተለይ። በኢሜይል ሦስት መልስ መጣ፣ ሁሉም ጠቅላላ ነው ብለዋል። ሀ፦ 37,990፣ ምንም ጭማሪ የለውም። ለ፦ 37,600። ሐ፦ 36,950፣ ግን ከታች በትንሽ ፊደል የወታደር 500 እና የአዲስ ተመራቂ 500 ተቀንሷል ይላል። እኔ ሁለቱንም አይደለሁም። የ«ለ» የፋብሪካ ስቲከር 35,600 ነው፣ የሌሎቹ 36,200።

መልስ — ሰፈር ዞሮ

ሐ ላንቺ 37,950 ነው፣ ያ 1,000 አይመለከትሽም። ለ በጠቅላላው በ390 ያነሰ ይመስላል፣ መኪናው ግን የ600 ዶላር ዕቃ ይጎድለዋል፤ የጎደለው ምን እንደሆነ ስቲከሮቹን ጎን ለጎን አድርገሽ እዪ። ከሀ እና ከሐ ቦታው የሚቀርብሽን ምረጪ። ለሀ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «37,700 ካላችሁ ነገ 10 ሰዓት መጥቼ እፈርማለሁ።» ቀንና ሰዓት ያለው ጥያቄ ማናጀሩ ጋ ይደርሳል። እምቢ ካሉም 37,990 መጥፎ ዋጋ አይደለም።

መልስ — የሽያጭ ጠረጴዛ

ስትሄጂ ኢሜይሉን አትመሽ ያዢ። የግዢ ወረቀቱ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ መስታወቱ ሥር ካለው ጋር አንድ መሆኑን፣ ማይል ቆጣሪው ላይ ያለውን፣ ጠቅላላው ከኢሜይሉ ጋር በሳንቲም መግጠሙን እዪ። ብድሩ ውል ላይ የተጻፈውን የወለድ መጠንና የወር ብዛት በራስሽ ስልክ አስልተሽ አረጋግጪ። ባዶ መስመር ያለበት ወረቀት አትፈርሚ። ሁለቱም ቁልፎች በእጅሽ ከገቡ በኋላ መኪናውን በቀን ብርሃን ዙሪያውን ተመልከቺ፤ ጭረት ካለ «በኋላ እናስተካክልልሻለን» የሚለው ከመውጣትሽ በፊት በጽሑፍና በፊርማ ይሁን። የከተማው ወይም የካውንቲው ዓመታዊ የመኪና ግብር ደግሞ ከዚህ ሁሉ ውጪ ስለሆነ ለእሱ የሚሆን ገንዘብ ለይተሽ አስቀምጪ።