ለብሎካችን ሊትየም ባትሪ ልንገዛ ነው፤ ገጣጣሚውን ምን ልጠይቀው?

ገንዘብ ያዥዋ፦

ልጆች፣ ሰላም ናችሁ? ጀሞ ኮንዶሚኒየም የአንድ ብሎክ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ሹመቱ እንዲህ ነው፦ መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ የሚደውለው ለመብራት ኃይል ሳይሆን ለእኔ ነው።

ጨለማው ብቻ ቢሆን በሻማም በስልክም ይታለፍ ነበር። የእኛ ጣጣ ፓምፑ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ውሃ ወደ ላይ አይወጣም፣ ሮቶው ባዶውን ይቀራል፣ አራተኛ ፎቅ ያሉት ጄሪካን ይዘው በጨለማ ደረጃ ይወርዳሉ። ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ የምታስቀምጥ ጎረቤትም አለችን። ጄኔሬተር ገዝተን ነበር፤ ምድር ላይ ያሉት በጭሱና በጩኸቱ ተማረው ልንጣላ ስንደርስ ሸጥነው።

አሁን ሁለት ነገር ቀርቦልናል። አንደኛው ሳሪስ ወርክሾፕ ያለው ወጣት ነው፤ ሴሎቹን ከቻይና አስመጥቶ፣ ሳጥኑን እዚሁ በይዶ፣ ባለ 5 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ገጣጥሞ ይሸጣል። ሁለተኛውን ያመጣው ደላላ ነው፦ ከተጋጨ የኤሌክትሪክ መኪና የወጣ ባትሪ፣ «ዋጋው ግማሽ፣ ጉልበቱ እጥፍ»። የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል፤ የሚጋጨውም አብሮ በዝቷል መሰለኝ።

ስብሰባው ለሁለት ተከፈለ። አንድ አባወራ ስልክ ሲፈነዳ የሚያሳይ ቪዲዮ ከቲክቶክ አውጥተው «ይሄን ከልጆቻችን ሥር ልታስቀምጡ ነው?» አሉ። ወጣቶቹ «ይሄኛው ኤልኤፍፒ የሚባለው የሊትየም ባትሪ ዓይነት ነው፣ አይቃጠልም» ብለው ሳቁባቸው። እኔ ሁለቱንም አላመንኩም። ቦታው ደግሞ ከደረጃው ሥር ያለችው ባዶ ጥግ ትሁን ተብሏል።

ቅዳሜ ልጁ ዘንድ እሄዳለሁ። ስለ ኤሌክትሪክ የማውቀው ካርድ መሙላት ብቻ ነው። ምን ልጠይቀው? በዓይኔ አይቼ የምፈርድበት ነገር አለ?

ሽቦና ብሎን፦

እትዬ፣ የእኔም እንጀራ ይኸው ነው፤ ለፋርማሲና ለትንንሽ ክሊኒኮች እገጥማለሁ። የሳሪሱን ልጅ አላውቀውም፤ ስለዚህ እንዴት እንደሚፈትኑት ብቻ ልንገርዎት።

መጀመሪያ የመኪናውን ባትሪ ይርሱት። ሴሉ ውስጥ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን የሚለየው ፕላስቲክ ከወረቀት የሳሳ ነው። ግጭቱ የቱጋ እንደጎዳው ከውጭ አይታይም፤ ዛሬ ሠርቶ ከወራት በኋላ ሾርት ሊያደርግ ይችላል። በዚያ ላይ የአብዛኛው መኪና ባትሪ ከ300 ቮልት በላይ ነው፣ መፍታቱ ራሱ ሰው ይገድላል።

ስለ ኤልኤፍፒ ሁለቱም ወገኖች ግማሽ ግማሽ ልክ ናቸው። ስልክ ውስጥ ያለው ኮባልት ያለበት ነው፤ በጣም ሲግል ከራሱ ኦክስጅን እየለቀቀ እሳቱን ይመግበዋል። ኤልኤፍፒ ግን ብረትና ፎስፌት ነው። ኦክስጅኑን አጥብቆ ይይዛል፣ እስኪቆጣ የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል፣ ተቆጥቶም የሚለቀው ሙቀት ያንሳል። ይህን ሁሉ ብዬ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2021 ቤጂንግ፣ ፌንግታይ ውስጥ ተቃጥሎ የፈነዳው የባትሪ ጣቢያ ኤልኤፍፒ ነበር፤ ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞተውበታል። ከተጎዳ ሴል የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን አለበት፣ በተዘጋ ክፍል ከተጠራቀመ ይፈነዳል። «አይቃጠልም» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።

ስለዚህ ከደረጃ ሥር ፈጽሞ አይሆንም። ጭሱ የሚወጣውም እናንተ የምትወርዱትም በዚያው ነው። ከሕንፃው የተለየች፣ በብሎኬት የተሠራች፣ ከላይም ከታችም አየር የሚያልፍባት፣ የጋዝ ሲሊንደር የማይቀመጥባት ክፍል ትፈለግ፤ ከጥበቃው ቤት ጎን ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ለሙቀቱ አያስቡ፣ የአዲስ አበባ አየር ለባትሪ የታደለ ነው።

አሁን ወርክሾፑ። ክዳኑን ያስከፍቱት። በማጣበቂያ ካሸገው ጥሩ ምልክት አይደለም፣ በብሎን መሆን አለበት። እኔ አገር ውስጥ የተገጣጠመን የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ለባንዲራ ብዬ አይደለም። ሴሉማ የቻይና ነው፤ የአገራችን የቀንጢቻ ሊትየም ከመሬት ወጥቶ ሴል እስኪሆን ገና ብዙ መንገድ አለው። እዚህ የሚሠራው ሳጥኑ፣ ማገናኛው፣ ሽቦውና ሴሎቹን የሚጠብቀው ቢኤምኤስ የሚባለው ሰርኪት መግጠሙ ነው። ታሽጎ የመጣ ባትሪ አንድ ሴል ሲታመምበት ሙሉው ይጣላል። እዚህ የገጠመው ሰው ግን ሲጠሩት ይመጣል፣ ይከፍታል፣ ያችን አንዷን ይቀይራል። ካልመጣ ደግሞ ወርክሾፑን ያውቁታል።

ውስጡ 16 ሴል ተደርድሮ ያገኛሉ። እያንዳንዱ 3.2 ቮልት፣ በድምሩ 51.2፤ በ100 አምፒር አወር ሲባዛ 5.12 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። በሴልና በሴል መካከል መለያ ሉህ መኖሩን ይዩ፤ የሴሉ ልባስ ስስ ፕላስቲክ ነው፣ እርስ በርሱ ሲፋተግ ይላጣል። ቀጥሎ ብሎኖቹን። በምን እንዳጠበቃቸው ይጠይቁት፤ «በእጄ አውቀዋለሁ» ካለ አያውቀውም፣ ቶርክ ሬንች የሚባለው የጥብቀቱን ልክ የሚለካ መፍቻ ነው የሚያስፈልገው። የላላ ብሎን አንድ ሺኛ ኦም ብቻ ተቃውሞ ቢያመጣ፣ 100 አምፒር ሲያልፍበት 10 ዋት ሙቀት እዚያችው ላይ ይፈጠራል። የአንድ ኤልኢዲ አምፖል ጉልበት በጥፍርዎ ስፋት ላይ ማለት ነው።

ከሁሉም ከሁሉም ፊውዙ። በዚህ ከተማ ደጋግሜ የማየው ጥፋት የቤቱን የ220 ብሬከር ለባትሪ መግጠም ነው። የቤቱ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ይነካል፤ ብሬከሩ ሲከፈት ብልጭታው እዚያ ላይ ይጠፋል። የባትሪው ግን ዲሲ የሚባለው፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ነው፤ ዜሮ አይነካም። ብልጭታው እንደነደደ ይቆይና ብሬከሩን ራሱን ያቀልጠዋል። ብሬከሩ ላይ የተጻፈውን ይዩ፦ ከቮልቱ ቁጥር አጠገብ የውሃ ሞገድ የመሰለች ጭረት ብቻ ካለች የቤት ናት። ለዲሲ የተሠራው ቀጥ ያለ ሰረዝ አለው። ከብሬከሩም በፊት፣ ከፖዘቲቩ ጫፍ ሥር፣ ክላስ ቲ የሚባል ፊውዝ ይግባ። ውድ ነው፣ ይክፈሉ።

በመጨረሻ እፊትዎ ቻርጅ ያድርገው። አንድ ሴል 3.65 ቮልት ሲደርስ ቢኤምኤሱ ማንም ሳይነካው መቁረጥ አለበት። ሲቆርጥ ሳያዩ ብር አይክፈሉ።

የሱቁ ሰው፦

ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? የአሲድ ባትሪ ይግዙ። እኔ ሱቄን በእሱ ነው የማበራው፤ ዋጋው ይቀላል፣ የሚጠግነውም በየሰፈሩ አለ።

ሽቦና ብሎን፦

ለሱቅ አምፖልና ለቴሌቪዥን ይሁን። ለፓምፕ ግን ከግማሽ በታች ባወረዱት ቁጥር ዕድሜው ያጥራል፤ ስለዚህ ለ5 ኪሎዋት ሰዓት የ10 መግዛት ነው፣ ክብደቱም ለብቻው ነው። ደግሞ እሱም ቻርጅ ሲሆን ሃይድሮጅን ይለቃል፣ ወንድሜ። ሱቁ ውስጥ መስኮት ይክፈቱ።

ከብሮንክስ፦

ኒው ዮርክ ነው ያለሁት። በአባወራው ፍርሃት አትሳቁ። በ2023 እዚህ ከተማ ውስጥ ሊትየም ባትሪ 268 እሳት አስነስቶ 18 ሰው ገድሏል። ዋናው ተጠያቂ የቤት መጠባበቂያ ባትሪ ሳይሆን የኤሌክትሪክ ብስክሌትና ስኩተር ባትሪ ነበር፤ ምግብ የሚያደርሱት ልጆች ማታ ማታ ቤታቸው በር ላይ ቻርጅ የሚያደርጉት፤ እሳቱ ሲነሳም መውጫውን የሚዘጋባቸው።

ከተማው ባትሪን አልከለከለም። ከመስከረም 2023 ጀምሮ ተፈትኖ ምስክር ወረቀት ያላገኘ የብስክሌትና የስኩተር ባትሪ እንዳይሸጥ አደረገ። ካገለገለ ባትሪ የወጣ ሴል እንደገና ገጣጥሞ መሸጥን ደግሞ ለብቻው በሕግ ከለከለ። የደላላችሁን ባትሪ ፈትቶ፣ ሴሉን ገጣጥሞ የሚሸጥ ሰው እዚህ ቢሆን ሕግ ይጥስ ነበር። እኔ የምለው፣ ልጁን ወረቀት ጠይቁት፤ አይኢሲ 62619 የሚባል ለትልልቅ ሊትየም ባትሪ የወጣ ደረጃ አለ።

ሽቦና ብሎን፦

ልክ ነህ፣ ግን እትዬን እንዳታሳስታት። እዚህ የሚያሳዩህ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ የሴሉ ነው፣ ፋብሪካው የሰጠው። ዩኤን 38.3 የሚል ካለበት ደግሞ ለማጓጓዝ የተፈተነበት ነው። የሳሪሱ ልጅ በገዛ እጁ ስለሠራው ሳጥን ሁለቱም አንድ ቃል አይናገሩም። ትንሽ ገጣጣሚ ሙሉ ባትሪውን ለማስፈተን አቅም የለውም፤ ያንን የሚችል ላብራቶሪ እዚሁ ቢኖረን ግማሹ ጭቅጭቅ ባልኖረ። እስከዚያው የሚያዋጣው ክዳኑን ማስከፈት ነው።

ገንዘብ ያዥዋ፦

ሄጄ መጣሁ። ያላችሁኝን ሁሉ ደብተር ላይ ጽፌ ነው የገባሁት፤ ልጁ ከገቢዎች የመጣሁ መስሎት ደነገጠ።

ክዳኑ በብሎን ነው። መለያ ሉህ አለው። ቶርክ ሬንች አለህ ወይ ስለው «አለኝ» ብሎ ከመሳቢያ አወጣ፤ የፋብሪካው ቅባት ገና አልለቀቀውም። እስቲ እኔ ፊት አጥብቃቸው አልኩት። ተራ በተራ ሄደባቸው፤ አብዛኞቹ አልተነቃነቁም፣ ሁለቱ ግን ሩብ ዙር ያህል ዞሩለት። ከዚያ በኋላ እኔን ሳያይ ነው የጨረሰው። ብሬከሩ ላይ ደግሞ ያቺ ሞገዷ አለች፣ ብቻዋን። ሳሳየው «ሁሉም ይህንኑ ነው የሚገጥመው» አለኝ። እኛ ሁሉም አይደለንም አልኩት። ብሬከሩን ሊቀይር፣ ክላስ ቲ ፊውዙንም አስመጥቶ ሊገጥም ተስማማ፣ ጭማሪውን እኛ እንችላለን። ቢኤምኤሱ ሲቆርጥ አይቻለሁ፤ ጠቅ የሚል ነገር ጠብቄ ነበር፣ ዝም ብሎ የአምፒሩ ቁጥር ወደ ዜሮ ወረደ።

ልጁን ወድጄዋለሁ። አለመቆጣቱን ነው የወደድኩለት። ደላላውን አሰናብተናል። ክፍሏም የጥበቃው መጥረጊያ የሚቀመጥባት ሆናለች፣ በር በኩል መተንፈሻ ይወጣላታል።

አሁን የቀረኝ፦ ፓምፑ ላይ 1.5 ኪሎዋት፣ 220 ቮልት ይላል። የደረጃው መብራት በሙሉ ኤልኢዲ ነው። ይበቃል? ሰዉ «በየቤታችን መስመር ይግባልን» እያለ ነው።

ሽቦና ብሎን፦

ጎበዝ እትዬ!

ይበቃል፣ በየቤቱ ካልገባ። ፓምፑ እየሠራ ሳለ የኢንቨርተሩ (ዲሲውን ወደ ቤቱ 220 የሚቀይረው) ብክነት ተጨምሮበት ወደ 1.7 ኪሎዋት ይወስዳል፤ ስለዚህ ባትሪውን ሙልጭ ሳያደርጉት ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ያስኬደዋል። ሮቶ ለመሙላት አንድ ሰዓት ይበቃችኋል ብዬ ነው የማስበው፤ የተረፈው የደረጃውን መብራት ሌሊቱን ሙሉ ይይዛል። ችግሩ አነሳሱ ነው። ፓምፕ ሲነሳ ለቅጽበት አምስት እጥፍ ሊጎትት ይችላል፣ 7.5 ኪሎዋት ማለት ነው፤ ቢኤምኤሱ ባለ 100 አምፒር ከሆነ ያኔ ይቆርጣል፣ እናንተም ባትሪው ተበላሸ ትላላችሁ። ፓምፑ ላይ ቀስ አድርጎ የሚያስነሳው ሶፍት ስታርተር ይገጠም፤ ቢኤምኤሱን ደግሞ ባለ 150 ያድርግላችሁ።

በየቤቱ ከገባ ግን አንዷ ምጣድ ትሰካለች። ምጣድ ብቻዋን 3 ኪሎዋት ተኩል ትበላለች፤ ሁለት ቤት ከጋገረ አለቀ። ለኢንሱሊኗ አንድ ትንሽ ፍሪጅ ጥበቃው ቤት አስቀምጡና ከዚያው መስመር ይሰካ።

ገንዘብ ያዥዋ፦

የምጣዱን ነገር ለስብሰባው እኔ እነግራቸዋለሁ፤ አንደኛዋ ጋጋሪ እኔው ነኝ። ፍሪጁን አንድ ጎረቤት ሊሰጡን ነው። ሌላ የረሳሁት አለ?

ሽቦና ብሎን፦

አንድ አለ። ከባትሪው የሚወጣው መስመር ከመብራት ኃይል መስመር ጋር በቼንጅኦቨር ይለያይ፤ ወይ ይሄ ወይ ያ፣ ሁለቱ አንድ ላይ እንዳይገናኙ። ካልተለያየ መብራት በጠፋበት ሰዓት የእናንተ ኤሌክትሪክ በቆጣሪው በኩል ወደ ምሰሶው ይመለሳል፤ እዚያ ላይ ደግሞ «መስመሩ ሞቷል» ብሎ በእጁ የሚነካ ሠራተኛ ይኖራል። ልጁ ይህን ገጥሞ፣ እርስዎ ፊት ወዲህና ወዲያ አዙሮ ሳያሳይዎት የመጨረሻዋን ክፍያ አይልቀቁለት።