በጨፌው መሬት ላይ ለወረዳው የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ በሦስተኛው ረቂቅ ላይ የተደረገ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ የመንደራችን ማኅበር ለወረዳው የሚያቀርበው ደብዳቤ ሦስተኛው ረቂቅ ተያይዟል። የምንቃወመው፣ ከመንደሩ ግርጌ ያለው የወል ጨፌና ከእሱ የሚዋሰኑት ማሳዎች ወደ ከተማ ክልል ተካልለው ለሽያጭ ለሚሠሩ መኖሪያ ቤቶች እንዲሰጡ የወጣውን ዕቅድ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ማኅበረሰባችንን በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ ሐሳባችንን እንድንሰጥ መብት ይሰጠናል፤ መሬት ስለ ማስለቀቅና ስለ ካሳ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ተነሺዎች መሬታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት እንዲመከሩ ያዛል። እኛ ግን ነገሩን ያወቅነው ችካል ተተክሎ ስናይ ነው። ለሁለት አባወራዎች የማስለቀቂያ ትእዛዝ ከደረሰ ዛሬ ዘጠነኛ ቀን ስለሆነ፣ አቤቱታ ለማቅረብ ከተፈቀደው 30 ቀን የቀረን 21 ብቻ ነው።

የላይ ሰፈር አባል፦ «ጨፌ» የሚለው ቃል ከረቂቁ ይውጣ። ቦታው መስክ ነው፤ አባቶቻችንም መስክ ሲሉት ኖረዋል። ውኃ የሚተኛው በታችኛው ጥግ ብቻ ነው።

የታች ሰፈር አባል፦ ክረምቱን ሙሉ ውኃ የሚተኛበትን መሬት መስክ የሚለው፣ በክረምት ወርዶ አይቶት የማያውቅ ሰው ነው።

የላይ ሰፈር አባል፦ ነገሩ የስም ብቻ አይደለም። ለወል ይዞታ የሚከፈለው ካሳ ማኅበረሰቡ ከመሬቱ ሲያገኝ የኖረውን ጥቅም መሠረት አድርጎ ይሰላል። ዛሬ «ጨፌ» በሚል ወረቀት ላይ ከፈረምን፣ ነገ ጨፌው የታች ሰፈር ነው፣ እናንተ ምን አገባችሁ መባላችን አይቀርም። የሣሩን ጨረታ ገንዘብ ለመካፈል ስንት ወር እንደፈጀ አልረሳንም።

የታች ሰፈር አባል፦ ሣሩን ያነሳኸው አንተ ነህ። ደረሰኝ ይምጣ ሲባል ያላመጣው የማን ሰፈር ሰው እንደነበረ እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል።

ኦዲተር፦ የሣሩ ሒሳብ ተዘግቷል፤ ሪፖርቱንም ሁለታችሁም እጃችሁን አውጥታችሁ አጽድቃችኋል። ከረቂቁ ጋር የማይገናኝ ነገር አታንሱ።

የላይ ሰፈር አባል፦ ስድቡን ያላነበበ ኦዲተር እኛን ይገሥጻል። ቃሉ ካልወጣ ከእኛ ሰፈር አንድም ፊርማ አይገኝም።

ጸሐፊ፦ የቀበሌውን መዝገብ አይቻለሁ፤ «የወል ግጦሽ» ይላል። ሁለቱንም ትተን ይህን እንጻፍ።

የታች ሰፈር አባል፦ «ግጦሽ» ካልን ውኃው ከረቂቁ ወጣ ማለት ነው። ከላይ የሚወርደውን ጎርፍ ውጦ የሚያስቀረው ያ መሬት ነው፤ በአፈርና በድንጋይ ተሞልቶ ቤት ሲሠራበት ጎርፉ የእኛን ደጅ ይዞ ይወርዳል። ከረቂቁ ሁሉ ወረዳው ሊያስተባብለው የማይችለው ነጥብ ይህ ነበር፤ እሱም አራተኛ ገጽ ላይ በሁለት መስመር ተቀብሯል።

አንጋፋ አባል፦ እኔ በልጅነቴ ሳውቀው ጨፌም መስክም አይባልም ነበር፤ ረግረግ ነበር የሚባለው።

የላይ ሰፈር አባል፦ ጋሼ፣ ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት እንዳለ ሆኖ፣ ሦስተኛ ስም ባይጨምሩብን መልካም ነበር።

ገንዘብ ያዥ፦ ስለ ስሙ ሁለት ቀን ሄደ። የይዞታ ደብተሮችን ቅጂ ከየቤቱ እሰበስባለሁ ያለው ምክትል ሰብሳቢ የት ደረሰ? ምትክ መሬት ካልተገኘ፣ በዘላቂነት የሚነሣ አርሶ አደር ካሳው የሚሰላው ከመነሣቱ በፊት በነበሩት 3 ዓመታት ካገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ በ15 እጥፍ ነው። ይህን ለመከራከር ማሳው የማን እንደሆነና ምን ያህል እንዳመረተ በእጃችን መኖር አለበት።

ኦዲተር፦ ደውዬለት ነበር፤ ስልኩ አይነሳም።

በከተማ የሚኖር አባል፦ ለመሆኑ የምንቃወመው ግንባታውን ነው ወይስ ግንባታው ለሌላ ሰው መሰጠቱን? ያው የካሳ አዋጅ በአንቀጽ 7 ባለይዞታዎች መሬታቸውን በፕላኑ መሠረት በግል ወይም በጋራ ለማልማት ቅድሚያ እንዳላቸው ይደነግጋል። በማኅበር ተደራጅተን እኛው እንገንባ ብንል ወረዳው በቀላሉ እምቢ ሊለን አይችልም።

የላይ ሰፈር አባል፦ በዚህ እስማማለሁ። ቤት ከተሠራበት ስሙ ምንም ቢባል ግድ የለኝም።

የታች ሰፈር አባል፦ ውኃውስ?

በከተማ የሚኖር አባል፦ የፍሳሽ ቦይ በንድፉ ውስጥ ይገባል። በቁጣ የተናገርነውን ትተን ወደ ሥራው እንግባ።

የታች ሰፈር አባል፦ በደረሰኙ ጉዳይ የተናገርኩት ከመጠን ያለፈ ነበር። ቦይ ግን ጨፌን አይተካም፤ ይህ ተቃውሞዬ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።

ጸሐፊ፦ ተይዟል። የአራተኛው ረቂቅ ርእስ «ባለይዞታዎች በቅድሚያ የማልማት መብታቸው እንዲከበር የቀረበ ጥያቄ» ሆኗል። ስለ ምክክሩ የሚናገረው ክፍል ወደ አባሪ ወርዷል፤ የቦታውንም ስም ባዶ ትቼዋለሁ። ከ30ው ቀን የቀረን 14 ነው። ንድፍ የሚሠራ ባለሙያ ቅድሚያ ክፍያ ጠይቋል።

ገንዘብ ያዥ፦ ከማኅበሩ ሒሳብ ገንዘብ የሚወጣው በሁለት ሰው ፊርማ ነው፤ አንዱ ፈራሚ እኔ ስሆን ሌላው ምክትል ሰብሳቢው ነው። እስካሁን የተሰበሰቡት የደብተር ቅጂዎችም እሱ ዘንድ ናቸው። ቤቱን የሚያውቅ ሰው ነገ ጠዋት አብሮኝ ይሂድ።