አዲስ አበባ አንድ ከሰዓት ብቻ ካለን፦ ብሔራዊ ሙዚየም ወይስ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም?

የአራዳዋ፦
ሰላም የጎንደር ልጆች እንዴት ናችሁ። እናቴን ለህክምና አዲስ አበባ ልወስዳት ነው ልጄም ትምህርት ስለተዘጋ አብሮን ይሄዳል። ቀጠሮው ጠዋት ነው፣ የምንመለሰው በማግስቱ፣ ስለዚህ አንድ ከሰዓት ባዶ አለን። ልጁ አስር ዓመቱ ነው ሉሲ ሉሲ እያለ ጆሮዬን በላው፣ እማዬ ደግሞ መስቀልና ሥዕል ካላየች ሙዚየም ገባሁ አትልም፣ በዛ ላይ ጉልበቷን ያማታል። የቱ ይሻለናል? ቤተ መንግሥት ብቻ ከሆነ እኛ ፋሲል ግንብ ስር ነው ያደግነው ሃሃሃ

ቀሃ ማዶ፦
ብሔራዊ ሙዚየም ሂዱ በቃ፣ አምስት ኪሎ ነው። ሉሲ ምድር ቤት ናት፣ አንዷ ተጋድማ ሌላዋ ቆማ ታያታላችሁ፣ የቆመችው አንድ ሜትር ገደማ ስለሆነች ልጅሽ ይበልጣታል፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያላትን ሰው ቁልቁል ሲያይ ፊቱን ፎቶ አንሺው። እንደ ሉሲ ጥንታዊ ቅሪተ አካል የሆነችው የዲቂቃዋ ሕፃን ሰላምም እዛው ናት፣ ተመራማሪዎቹ እነ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ያገኟት። ላይ ደግሞ የነገሥታት ልብስ፣ የጃንሆይ ዙፋን፣ የአፈወርቅ ተክሌ ሥዕል ምናምን አለ።

የአዘዞ ልጅ፦
ቆይ፣ የሚታየው የሉሲ ቅጂ መሆኑን ለልጁ ቀድመሽ ንገሪው። ዋናው አጽም ካዝና ውስጥ ነው የሚቀመጠው።
እኔ ግን ስድስት ኪሎ እላለሁ። ሙዚየሙ ያለው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፣ ጃንሆይ ከ1953ቱ ግርግር በኋላ ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት። የፋሲል ግንብ ክፍሎች ባዶ ናቸው አይደል፣ እዚህ ግን የሰውየው አልጋ ሳይቀር አለ፣ መኝታ ቤታቸው መስታወት ላይ የጥይት ቀዳዳ አለች፣ እሷን ሳታይ እንዳትወጪ። ሌላው ደስ የሚለኝ ዕቃው በብሔረሰብ አልተደረደረም፣ ከልደት ጀምሮ ልጅነት፣ ጋብቻ፣ እስከ ሞት ድረስ ነው የሚሄደው፣ የኮንሶ የመቃብር ሐውልትም የምታገኚው እዛው ሞት ጋ ነው። ለእማማ የሚሆነው የመስቀልና የሥዕል ክፍል ደግሞ ላይ ነው፣ ብሔራዊ ያለው ከሱ ጋር አይወዳደርም።

ቅዳሜ ገበያ፦
ለሥዕል ብላችሁ ነው አዲስ አበባ? ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ስር ያደገ ሰው? የራሳችንን የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን ሥዕል ደግሞ ፈረንሳዮቹ እ.ኤ.አ. በ1932 ከግድግዳው ልጠው ፓሪስ ወስደውታል፣ ዛሬም ፓሪስ ሙዚየም ውስጥ ነው ያለው፣ እሱን ካየሽ ንገሪኝ።

የአዘዞ ልጅ፦
የፓሪሱ ያናድዳል እውነትሽን ነው፣ ግን ስድስት ኪሎ ያሉት ከተለያየ ዘመንና ቦታ የተሰበሰቡ የእንጨት ላይ ሥዕሎች ናቸው፣ ከጣሪያ ሥዕል ጋር ምን ያገናኘዋል። ደግሞ እማማ አንገታቸውን ሳያቀኑ ቀረብ ብለው ነው የሚያዩት።

የአራዳዋ፦
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ እኮ ችግሩ እሱ ነው። ደረጃውስ? እማዬ ፎቅ ስትወጣ ታለቅሳለች።

ቀሃ ማዶ፦
ደረጃ ሁለቱም ጋ አለ፣ አልዋሽሽም። ርቀታቸው ግን ቅርብ ነው፣ ሁለቱንም ማየት ትችያለሽ። በታክሲ ቀጥታ ስድስት ኪሎ ውጡ፣ እማማ ገና ጉልበታቸው ሳይደክም እዛ ያለውን ሥዕል ይዩ፣ ሌላውን ክፍል ቶሎ ቶሎ እለፉት። ከዛ ወደ አምስት ኪሎ መንገዱ ቁልቁለት ነው፣ ካልቻሉም ታክሲ አለ። ብሔራዊ ስትደርሱ እሳቸው ግቢው ውስጥ ዛፍ ስር አረፍ ይበሉ፣ አንቺ ልጁን ይዘሽ ምድር ቤት ውረጂ፣ ፎቁን ተዪው። ከምሳ በኋላ ወዲያው ካልወጣችሁ ግን አይሆንም፣ ሲዘጋ ትደርሳላችሁ።

የአዘዞ ልጅ፦
ስድስት ኪሎ ከሕንፃው ፊት ለፊት ያለውን ደረጃ ለልጁ አሳዪው፣ ወደ የትም የማይወስድ ደረጃ ነው። ጣሊያን ለእያንዳንዱ የፋሽስት ዓመት አንድ አንድ እያለ የሠራው ነው፣ ጫፉ ላይ አሁን የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል።

የአራዳዋ፦
እሺ እንደሱ እናደርጋለን፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልጁ ዋናዋ ካዝና ውስጥ ናት ስለው "ታዲያ ካዝናውን እንይ" አለኝ።