የኢራኬሬ ባንድ ታሪክና የእኛ የአምባሰል ሙከራ

ከበሮ መቺው (ደሴ)፦

ለመድረኩ አባላት ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እዚህ ደሴ ከጥቂት ጓደኞቼ ጋር ባንድ አቋቁመን የአምባሰልንና የባቲን ቅኝት ከፈንክና ከላቲን ምት ጋር ለማዋሐድ እየሞከርን እንገኛለን። ማሲንቆ፣ ከበሮ፣ ቤዝ ጊታር፣ ሊድ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ሳክስፎንና ድራም አለን። ሆኖም ቤዙና ድራሙ በገቡ ቁጥር ማሲንቆውና ከበሮው ለጌጥ የተቀመጡ ይመስላሉ፤ ዜማውም የወሎነት ለዛውን ያጣል። ኩባ የተማሩ አንድ የሰፈራችን ሰው ኢራኬሬ የተባለውን የሀቫና ባንድ ሙዚቃ ቢያሰሙን፣ ፈንኩ፣ ጃዙና የአገሩ ከበሮ አንዱ ሌላውን ሳይውጥ አብረው ሲሄዱ ሰምተን ተደነቅን። ባንዱ እንዴት እንደተቋቋመና ይህን ሚዛን በምን እንዳገኘ የምታውቁ ብታስረዱን ትልቅ ውለታ ነው።

የወጣቶች ደሴት ተማሪ፦

ወንድሜ፣ ታሪኩ የሚጀምረው ከባንዱ ልደት በፊት ነው። የኩባ መንግሥት በ1967 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የአገሪቱን የተመረጡ ተጫዋቾች ሰብስቦ የኩባ ዘመናዊ ሙዚቃ ኦርኬስትራ የተባለ ትልቅ ቡድን አቋቋመ። ፒያኖ ተጫዋቹ ቹቾ ቫልዴስ፣ የሳክስፎኑ ፓኪቶ ዲሪቬራ፣ የትራምፔቱ አርቱሮ ሳንዶቫልና ጊታር ተጫዋቹ ካርሎስ ኤሚሊዮ ሞራሌስ በዚያ አብረው ሠርተዋል። ልባቸው ግን በትናንሽ ቡድን ጃዝ መጫወት ይሻ ነበር፤ ጃዝ ደግሞ በጊዜው የጠላት አገር የአሜሪካ ሙዚቃ ተደርጎ በጥርጣሬ ይታይ ነበር። በ1973 ኢራኬሬን ሲመሠርቱ ሕዝብ የሚጨፍርበትን ሙዚቃ ይዘው መምጣታቸው፣ በእኔ ግምት፣ ረጃጅም የጃዝ ሶሎዎችን (አንድ ተጫዋች ብቻውን የሚያሳይባቸውን ክፍሎች) ያለ ብዙ ጥያቄ በመሐል ለማስገባት በር ከፍቶላቸዋል። «ባካላኦ ኮን ፓን» የተሰኘው ዘፈናቸው በአገር ውስጥ ዝና ያተረፈላቸው በዚሁ መንገድ ነው።

በ1977 የአሜሪካ ጃዝ ተጫዋቾቹ ዲዚ ጊሌስፒና ስታን ጌትዝ ሀቫናን ሲጎበኙ ሰሟቸው። በዓመቱ ኒውዮርክ በሚገኘው ካርኔጊ አዳራሽ ተጫወቱ፤ ኮሎምቢያ በተባለው የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ በኩል የወጣው አልበማቸውም የግራሚ ሽልማት አገኘ። ከዚያ በኋላ መበተን መጣ፦ ዲሪቬራ በ1980 ስፔን ላይ ከባንዱ ተለየ፣ ሳንዶቫልም በ1990 አገሩን ለቆ ወጣ፤ ቹቾ ግን ቀረ። (በ1981 አሜሪካ ሄደው ከፊሎቹ እዚያው የቀሩት የእኛዎቹ የዋልያስ ባንድ ልጆች ትዝ ይሉኛል።)

ሰኞ ገበያ፦

ከላይ ያለው መልስ ስለ ሰዎቹ ተናግሮ ዋናውን ነገር አለፈው፤ የጠያቂው ችግር ከበሮው ነው። ኢራኬሬ የተጠቀመበት ባታ ሦስት ከበሮዎች ያሉት ቤተሰብ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሁለት ፊት አለው፤ በጭን ላይ ተጋድሞ በሁለቱም እጅ ይመታል። ትልቁ ይጠራል፣ ሌሎቹ ይመልሳሉ። ከምዕራብ አፍሪካው የዮሩባ ሕዝብ የመጣ፣ በኩባ ሳንቴሪያ በተባለው እምነት ውስጥ የአምልኮ መሣሪያ ሆኖ የኖረ ነው። የኢራኬሬ ከበሮ መቺና ዘፋኝ ኦስካር ቫልዴስ ከበሮውን ከነሙሉ ቋንቋው ወደ መድረክ አመጣው። ሙዚቃቸውን ደጋግሜ ሳደምጥ የሚሰማኝ፣ ባታው መንገዱን ከያዘ በኋላ ድራሙ በተረፈው ክፍተት ሲገባ ነው። እናንተ ዘንድ፣ ከጻፉት እንደምረዳው፣ ድራመኛው መንገዱን ይዞ ከበሮ መቺውን ቦታ ፈልግ ይለዋል። ምናልባት ድራመኛው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ በከበሮውና በጭብጨባው ብቻ ብትለማመዱ ይሻላል።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። የመንዙማ ድቤም የቤተ ክርስቲያን ከበሮም በወሎ ሕያው አምልኮ ናቸው። ኩባዎቹ የአምልኮውን ምት ወደ ጭፈራ አዳራሽ ወሰዱት ተብሎ እኛም እንዲሁ እናድርግ ማለት አይቻልም፤ ቢያንስ ሽማግሌዎችንና ባለቤቶቹን ሳትጠይቁ አትንኩት። የሠርግና የአዝመራ ዘፈን ምት ሞልቶናል።

ባለ ኪቦርዱ (ኮምቦልቻ)፦

በከበሮው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ለዛውን የሚገድለው ኮርዱም (አብረው የሚመቱት ድምፆች) ጭምር ይመስለኛል። አምባሰልን ከዶ ብንነሳ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶልና ዝቅ ያለ ላ ናቸው፤ ሚ የለም። ኪቦርድ ተጫዋቹ በልማድ ዶ፣ ሚ፣ ሶል ብሎ ሲመታ ቅኝቱ ያልጋበዘውን ድምፅ አስገባ ማለት ነው። ቤዙ ዶና ሶል ላይ ይጽና፣ ኪቦርዱም ዶንና ፋን አጣምሮ ይያዝ፤ ሚን ይተዋት። ባቲ በዚህ ረገድ ቸር ነው፦ በሜጀር መልኩ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ስለሆነ የፈንክ ጊታር የሚወደው ሜጀር ሰባተኛ ኮርድ (ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ሲ) በውስጡ ተቀምጧል። ስለዚህ ከአምባሰል በፊት በባቲ ብትጀምሩ እመክራለሁ።

ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉትን አልበሞች ሲቀርጽ የእኛን ቅኝትና የላቲንን ምት ያገናኘው ኢራኬሬ ከመመሥረቱ በፊት ነውና እሱንም አድምጡ። በተረፈ ብዙው የወሎ ዘፈን ስድስት በስምንት በተባለው ምት የሚሄድ ስለሆነ በግድ ወደ አራት በአራት ምት አታጥፉት፤ ኩባዎቹም ስድስት በስምንት የሚጫወቱት ብዙ ነገር አላቸው።

ከበሮ መቺው (ደሴ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የአምልኮውን ምት ትተን በባቲ እንጀምራለን፤ ድራመኛችንን ዝም ማሰኘቱ ግን ቀላል አይሆንም። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፦ ማሲንቆውና አልቶ ሳክስፎኑ በየትኛው ድምፅ ይገናኙ?

ባለ ኪቦርዱ (ኮምቦልቻ)፦

አብሽሩ፣ ይህ አያስቸግርም። ማሲንቆ አንድ ጭራ ብቻ ስላለው በቶሎ ይቃኛል፤ ስለዚህ ድምፁን ዘፋኙ ይምረጥ። አልቶ ሳክስፎን የሚጻፍለት ድምፅና የሚያሰማው ድምፅ ስለሚለያዩ፣ ኪቦርዱ ዶ ላይ ከሆነ አልቶው በራሱ አጻጻፍ ከላ ይነሣል። ማሲንቆውን ግን ማይክሮፎን አቅርቡለት፤ ያለዚያ የቱንም ያህል ቢቃኝ ከቤዙ ጋር አይሰማም።